ላንጋኖ በነሐሴ

ስለ ላንጋኖ የሚወራው ሁሉ የበጋ ወሬ ነው። አሸዋው፣ ፀሐዩ፣ ጀልባው፣ የተጠበሰው ዓሣ፣ በገናና በፋሲካ ሰሞን ከአዲስ አበባ እየተግተለተለ የሚወርደው መኪና። ከመካከላችን ሐይቁን በዓይናቸው ያዩትም ቢሆኑ ያዩት በዚያው ወቅት ነው። እኔ ግን ላንጋኖን ያየሁት በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ነው፤ ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሮ፣ በዳርቻው አንድም እንግዳ በሌለበት ጊዜ። የሆቴል ሰዎች ይህን ወቅት «የሞተ ወቅት» ይሉታል። እስኪ ያየሁትን ልንገራችሁና ሞቶ እንደሆነ እናንተ ፍረዱ።

ክረምት ሲገባ የመኝታ ክፍሎቻችንን ለክረምት ሠልጣኞች አስረክበን እንደምንበተን የታወቀ ነው። ወደ እናቴ ዘንድ ከመሄዴ በፊት ሁለት ሳምንት አጎቴ ጋ ልሰንብት ብዬ ወሰንሁ። አጎቴን ጋሼ ነው የምላቸው፤ እዚህም እንዲሁ እያልሁ እቀጥላለሁ። ጋሼ በሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ ካሉት የመዝናኛ ሆቴሎች በአንዱ ዘበኛ ናቸው። ከሰሜን ሸዋ ሥራ ፍለጋ ወጥተው ላንጋኖ የደረሱት እኔ ገና በእናቴ ጀርባ ላይ ሳለሁ ነው። እዚያው አግብተው፣ ወልደው፣ ኦሮምኛውን እንደ ውሃ እየጠጡት ቀሩ። ሚስታቸው እትዬ የአርሲ ተወላጅ ናቸው። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ የበኩሩ ልጅ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ስድስተኛን ጨርሶ ወደ ሰባተኛ ክፍል አልፏል። ከጀልባ ላይ ስለማይጠፋ የሆቴሉ ሠራተኞች «ካፒቴን» ይሉታል።

ሞጆ ላይ መኪና ቀይረን ወደ ደቡብ ታጠፍን። ቆቃ፣ ዓለም ጤና፣ መቂ፣ ባቱ (የቀድሞዋ ዝዋይ)፣ አዳሚ ቱሉ፣ ቡልቡላ። ይህን መንገድ በበጋ የሚያውቅ ሰው የሚያስታውሰው አቧራውንና ከግራር ሥር የተደረደረውን የከሰል ጆንያ ነው። በነሐሴ አቧራ የለም፤ በቆሎው የሰው ቁመት አልፎ መንገዱን ግራና ቀኝ አጥሮታል። የከሰሉ ጆንያ ግን አለ፤ ፕላስቲክ ለብሶ ቆሟል። መቂ ላይ ቀይ ሽንኩርት፣ ባቱ ላይ በገመድ የተንጠለጠለ ዓሣ በመስኮት እያስገቡ አሳዩን። ቡልቡላን እንዳለፍን ረዳቱ «ወራጅ አለ?» አለ። «ላንጋኖ አለ» አልሁት። ዞር ብሎ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «በዚህ ዝናብ? ምን ልትሆን?» አለኝ። ሰዉ ሁሉ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ፤ ምን ላድርግ።

በክፍል ውስጥ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ስንማር በቃል የምንወርደው ቁጥራቸውን ነው። ላንጋኖ፦ ስፋት 230 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጥልቀት ከ45 ሜትር በላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,580 ሜትር ገደማ። ጎረቤቱ ሻላ 266 ሜትር ይጠልቃል። እነዚህን ቁጥሮች ለፈተና ይዤያቸው ነበር፤ ዳርቻው ላይ ቆሜ ግን አንዱም ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ ሌላ ነገር ነው፤ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ የዛሬ 9000 ዓመት ገደማ አንድ ትልቅ ሐይቅ እንደነበሩና ትርፋቸውም ወደ አዋሽ ይፈስ እንደነበር። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው «ማን አየ?» አሉኝ። በቡልቡላ ሜዳ ደለል ውስጥ የሚገኘው ዛጎል ምስክር ነው ብዬ አስረዳኋቸው። ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው የኛ ቤት ውሃ ውስጥ ነበረ በለኛ» አሉ። አዎን፣ እንደዚያ ነው። በሰሜን በኩል ያለው የአሉቶ ተራራ ደግሞ ከሥሩ እሳት አለው። በ1991 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው ከእንፋሎት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ የተተከለው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሆቴሉ እንግባ። እንግዳ የሌለበት መዝናኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወንበሮቹ ተደራርበው፣ እግራቸው ወደ ሰማይ፣ በሰንሰለት ታስረዋል። በሣር የተከደኑት ጃንጥላዎች ሣራቸው በዝናብ ጠቁሮ ከእንጨቱ ላይ ተንጠልጥሏል። የምግብ ዋጋ የተጻፈበት ሰሌዳ ታጥቦ የቀረው «ዓሣ ጉላሽ» የሚለው ብቻ ነው፤ ዋጋው የለም። ጀልባዎቹ በአሸዋው ላይ ተገልብጠዋል፤ ከአንዷ ሥር የእትዬ ዶሮ ጫጩት ታቅፋለች። ከሰዓት በፊት ብዙ ጊዜ ፀሐይ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ጦጣዎቹ መጥተው በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። እንዲያው ለነገሩ ከእንግዶቹ የሚለዩት ሒሳብ ባለመክፈላቸው ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣና ሐይቁ ማዕበል ያወጣል፤ ማታ ማታ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ለመነጋገር መጮኽ ያስፈልጋል።

በዚህ መስመር ላይ ሆቴል መትከል የቆየ ነገር ነው። በቀለ ሞላ በስምጥ ሸለቆ መንገድ ላይ ካቆሟቸው ሆቴሎች አንዱ ላንጋኖ ዳር ነበር። ሰው ላንጋኖን የሚመርጥበት ዋና ምክንያትም አንድ ነው፤ ከቢልሃርዝያ ነፃ ነው ተብሎ ስለሚታመን ያለ ሥጋት ይዋኙበታል። ሥራው ግን ዓመቱን ሙሉ አይደለም። መስከረም ሲጠባ ይጀምራል፤ በጥቅምትና በኅዳር ይደራል፤ ገና፣ ጥምቀትና ፋሲካ ጫፉ ነው፤ ግንቦት ላይ ይቀዘቅዛል፤ ሰኔ ሲገባ ያበቃል። ከሰኔ በኋላ አስተናጋጁም፣ ወጥ ቤቷም፣ ክፍል አጽጂዋም «እንጠራችኋለን» ተብለው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ሆቴሉ ውስጥ የሚቀሩት ሁለት ዘበኞች ናቸው። እነሱም የሚከፈላቸው የደመወዛቸውን ግማሽ ነው። ጋሼ ይህን ሲናገሩ ቁጣ የለባቸውም፤ ስለ ዝናብ እንደሚናገር ሰው ነው የሚናገሩት። «ክረምት ግማሽ ነው» ይላሉ፣ በቃ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ እንግዳ ድርሽ ያላለበትን ጊዜ ሲያስታውሱም «ያን ጊዜ ዓመቱ ሙሉ ነሐሴ ነበር» አሉኝ።

ወፎቹም እንደ እንግዶቹ ናቸው ብል እንዳትሥቁብኝ። ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ወፎች የሚደርሱት ከመስከረም ጀምሮ ነው፤ በሚያዝያ አካባቢ ተመልሰው ይሄዳሉ። በነሐሴ የሚገኙት ባለአገሮቹ ናቸው፤ ዓሣ የሚያድነው ነጭ ራስ ንስር፣ አባ ኮዳ፣ ጥቂት ፔሊካኖች። ንስሩ ጠዋት ጠዋት ከሾላው ጫፍ ላይ ሆኖ ሲጮኽ ሰው የሚጣራ ይመስላል። ጋሼ ድምፁን ሰምተው ነው ሰዓታቸውን የሚገምቱት። ሰዓት አላቸው፤ ግን አይመለከቱትም።

ስለ ሐይቁ ቀለም ልንገራችሁ፤ ይህ የጽሑፌ ዋና ነገር ነው ማለት ይቻላል። ላንጋኖ ሰማያዊ አይደለም። ወተት እንደ በዛበት ሻይ ያለ ቡናማ ነው፤ በበጋም በክረምትም። እጃችሁን እስከ ክርናችሁ ብታስገቡ ጣታችሁን አታዩትም። ጥቂት ሶዳነት አለው። ውሃውን በብርጭቆ ቀድቼ በጋሼ ቤት መስኮት ላይ አስቀመጥሁት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቆይቶ አልጠራም፤ እትዬ «ልትጠጣው ነው?» እያሉ ሲያሾፉብኝ ሰነበቱ። ምክንያቱ ውሃው ውስጥ ያለው አፈር እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ነው፤ በቀላሉ አይዘቅጥም፤ ሊዘቅጥ ሲልም ነፋሱ መልሶ ያማስለዋል። ጥሩ፤ ይህን መጽሐፍም ይነግረናል። አፈሩ ከየት እንደመጣ ያየሁት ግን ከእትዬ ጋር ወደ ምሥራቅ የሄድን ዕለት ነው።

የእትዬ ወንድም ቤት ከሐይቁ ባሻገር፣ በአርሲ ደጋ ግርጌ ነው። ጠዋት ተነሥተን በአርሲ ነጌሌ በኩል ዞርን። ከዚያም በሞተር ሳይክል፣ ከዚያም በእግር። እኛ ያለንበት ቦታ ጠብታ አልዘነበም፤ ፀሐዩ ጀርባችንን ያቃጥለናል። ከፊታችን ያለው ተራራ ግን ከወገቡ በላይ አይታይም፤ እዚያ ላይ ጠቁሮ ይዘንባል። ከአርሲ ደጋ ወርደው ወደ ላንጋኖ የሚገቡ እንደ ገደምሶና ሁሉቃ ያሉ ወንዞች አሉ፤ ከነዚያ ወንዞች ከአንዱ ዳር ስንደርስ እትዬ ድንገት እጄን ያዙና «ቁም» አሉኝ። ምንም አልታየኝም ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው፤ ከሩቅ የሚመጣ የጭነት መኪና ድምፅ ይመስላል። ከዚያ ጎርፉ መጣ።

ወንዞች ሲሞሉ አይቻለሁ። የዚህን ቀለም ግን አላየሁም ነበር። ውሃ አይባልም፤ የሚሮጥ ጭቃ ነው። የበቆሎ አገዳ ከነሥሩ፣ የአጥር እንጨት፣ አንድ የላስቲክ ጫማ፣ የግራር ግንድ ይዞ ያልፋል። ከወዲህና ከወዲያ ዳር ሰው ተሰበሰበ፤ ገበያተኛ፣ አህያ የጫነ፣ ልጅ ያዘለች። ማንም አልተበሳጨም። ሁሉም ጎናቸውን ፈልገው ተቀመጡ። አንድ ሽማግሌ ከጎኔ ተቀምጠው ወንዙን ሲመለከቱ ቆዩና በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉ። እትዬ ተረጎሙልኝ፤ «ይሄ ከላይ ያለው የወንድሜ ልጅ እርሻ ነው፤ ዘንድሮ ዳገቱን አርሶ ነበር» ነው ያሉት። ቀልድ ይሁን እውነት አላወቅሁም፤ ሽማግሌው አልሣቁም።

አራት ሰዓት ያህል ጠበቅን። ያን ሁሉ ጊዜ የአርሲ ማሳ በፊቴ ሲያልፍ አየሁት። ቁልቁል ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ ላንጋኖ ይገባል፤ እዚያም ተንሳፍፎ ይቀራል። የበጋ እንግዳ ውሃው ውስጥ ሲንቦጫረቅ የሚዋኘው በአንድ ገበሬ እርሻ ውስጥ ነው ማለት ነው። ሐይቁ ዓመቱን ሙሉ የሚተነውንና በሆራ ቀሎ በኩል ወደ አብያታ የሚሰጠውን ውሃ የሚያገኘውም በአብዛኛው በእነዚህ ጥቂት ወራት ነው። አብያታ ምስኪኑ የሚኖረው ከጎረቤት በሚደርሰው ነው፤ ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖ በሆራ ቀሎ። ከላይ በመስኖ፣ ከራሱም ለሶዳ ፋብሪካ ሲቀዳ ኖሮ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የስፋቱን ግማሽ ያህል አጥቷል። እንግዲህ «የሞተ ወቅት» የሚባለው ሐይቆቹ የዓመት ቀለባቸውን የሚሰፍሩበት ወቅት ነው። የሞተው ኪስ እንጂ ሐይቁ አይደለም።

ወደ ኪሱ ነገር ልመለስና ስለ ካፒቴን ልጻፍ።

በሆቴሉ በረንዳ ላይ ደረቅ ቦታ ስላለ ከሰዓት በኋላ ልጆች ይሰበሰባሉ፤ የጋሼ ልጆችና የጎረቤት ልጆች፣ ሰባትም ስምንትም ይሆናሉ። በበጋ እዚያ በረንዳ ላይ እግራቸውን ማሳረፍ አይፈቀድላቸውም፤ በነሐሴ ግን ማንም አይከለክላቸውም። እኔም ሥራ ፈትቼ ከምቀመጥ ብዬ ማስተማር ጀመርሁ። ሰሌዳ የለ፣ ጠመኔ የለ። ከመጋዘኑ በር ላይ ግን ባዶ የለስላሳ ሣጥኖች ተቆልለዋል፤ እያንዳንዱ ሣጥን 24 ጠርሙስ ይይዛል። የተግባር ልምምድ ስንወጣ ስለ መርጃ መሣሪያ ስንት ወረቀት እንደምንጽፍ ታውቃላችሁ። እኔ አንድ ሣጥን አውጥቼ ክፍልፋይ ማስተማር ጀመርሁ። ግማሹ 12፣ ሲሶው 8፣ ሩቡ 6፣ አንድ ስድስተኛው 4፣ አንድ ስምንተኛው 3። እነዚያ ልጆች ሣጥን ሲሸከሙ ያደጉ ናቸው፤ 24ን ከስማቸው እኩል ያውቁታል።

ካፒቴን በደብተር ላይ አንድ ስምንተኛን እንዲጽፍ ብጠይቀው ስምንቱን ከላይ፣ አንዱን ከታች አድርጎ ጻፈው። ከዚያ ጥያቄውን ቀየርሁት። «ጀልባ ኪራይ ላይ ማን ምን ይወስዳል?» አልሁት። ወዲያው አስረዳኝ፤ ከኪራዩ ሁለት ሲሶው የባለ ጀልባው ነው፤ ሲሶው የቀዛፊው ነው፤ ቀዛፊው ደግሞ ከድርሻው ሩቡን ዕቃ ለሚያወርድና ገመድ ለሚይዝ ልጅ ይሰጣል። ልጁ ካፒቴን ነው። «እንግዲያው ኪራዩ አንድ ሣጥን ሙሉ ቢሆን ላንተ ስንት ጠርሙስ ይደርስሃል?» አልሁት። ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። «ሁለት» አለ። አንድ አሥራ ሁለተኛ! ከመካከላችን ስንቶቻችን ወረቀት ሳንይዝ ሲሶን በሩብ እናበዛለን? እኔ በበኩሌ ሣጥኑን ቆጥሬ ነው ያረጋገጥሁት።

ታዲያ አንድ ቀን «ምዝገባ መቼ ነው? ተዘጋጀህ ወይ?» ብለው፣ «እኔ የምገባው በጥቅምት ነው» አለኝ። ሕግ እንደሚናገር ሰው ነው የተናገረው። ሌሎቹንም ጠየቅሁ፤ ሦስቱ እንደዚያው ናቸው። ምዝገባው በነሐሴ መጨረሻ ነው፤ ትምህርት በመስከረም ይጀመራል፤ እነሱ በጥቅምት ይገባሉ። ለምን? እስኪ ወራቱን አብረን እንቁጠር። ከሰኔ ጀምሮ እንግዳ የለም። ደመወዝ ግማሽ ነው፤ እሱም ለዘበኞቹ ብቻ። አምና የተሰበሰበው በቆሎ ሐምሌ ላይ አልቋል፤ የዘንድሮው ገና እሸት ነው። ነሐሴና ጳጉሜን ከዓመቱ ሁሉ ቤት ባዶ የሚሆንባቸው ናቸው። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ የደንብ ልብስና የትምህርት ቤት መዋጮ የሚጠየቀው ደግሞ ልክ በዚያው ጊዜ ነው። እንግዳው ለአዲስ ዓመትና ለመስቀል ብቅ ይላል፤ ሥራው ይከፈታል፤ ካፒቴን ገመድ ይይዛል፤ በጥቅምት ደብተር ይገዛል። ስሌቱ ይኸው ነው።

መስከረም የትምህርት መጀመሪያ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ያንን ወንዝ አይቼዋለሁ፤ በነሐሴ ማን ልጁን ተሻግረህ ተማር ይላል? ነገር ግን ስለ ልጆች መዘግየትና ማቋረጥ በምንማርበት ጊዜ ከምክንያቶቹ ዝርዝር አንደኛ ሆኖ የምንጽፈው «የወላጆች የግንዛቤ ማነስ» የሚለው ነው። እኔም በፈተና ጽፌዋለሁ፤ ነጥብም አግኝቼበታለሁ። የጋሼን ግንዛቤ ግን እንዲህ አድርጌ ልግለጸው። በዘበኛ ቤታቸው ግድግዳ ላይ የሦስቱም ልጆች የውጤት ካርድ በምስማር ተሰቅሏል፤ ከላዩ ዝናብ እንዳይነካው ፕላስቲክ ተሸፍኗል። የምዝገባው ቀን በቀን መቁጠሪያው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል። ጋሼ የጎደላቸው መገንዘብ አይደለም።

ከኪስ ገንዘቤ የተረፈችኝን አውጥቼ ላበድራቸው ስል አልተቀበሉኝም። «አንተ ራስህ ተማሪ ነህ። ከተማሪ ተበድሬ ተማሪ አላስመዘግብም» አሉ። እትዬ እንኳ ተቀበሉት ሊሉ ፈልገው ነበር፤ ዓይናቸው ላይ አይቼዋለሁ፤ ግን የጋሼን ፊት አይተው ዝም አሉ። ያን ቀን ማታ ዓሣ በላን፤ ጋሼ ራሳቸው በመረብ ያወጡት ሁለት ቆሮሶ። እኔ የሄድሁ ቀን ካፒቴን ሻንጣዬን እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሸክሞ ሸኘኝ። «ጋሼ፣ ይሄ በነፃ ነው» አለኝ። እኔንም ጋሼ እያለኝ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ልብ ያልሁት።

ከተመለስሁ በኋላ የሆነው ይህ ነው። ከአዲሱ ዓመት ማግስት ጀምሮ እንግዳ መጣ። ጋሼ ደውለው እንደነገሩኝ ወንበሮቹ ከሰንሰለት ተፈትተዋል፤ ሙሉ ደመወዝ ተጀምሯል፤ ዶሮዋ ከነጫጩቶቿ ከጀልባው ሥር ተባርራለች። ካፒቴንም በጥቅምት ሁለተኛው ሳምንት ሰባተኛ ክፍል ገብቷል፤ በኋለኛው ወንበር ላይ። የሒሳቡ የመጀመሪያ ምዕራፍ ግን አልፏል፤ መምህሩ ወደኋላ ተመልሰው አያስተምሩትም። ስድሳና ከዚያም በላይ ልጅ በአንድ ክፍል ይዘው እንዴት ይመለሱ? እኔም ብሆን የምመለስ አይመስለኝም።

ስለዚህ ማታ ማታ ከጥናት በኋላ የመጀመሪያውን ምዕራፍ በእጄ እየገለበጥሁ፣ በስልክ ፎቶ እያነሣሁ በጋሼ ስልክ በኩል እልክለታለሁ። ቋንቋው በከፊል ችግር ሆኖብናል፤ እሱ የሚማረው በኦሮምኛ ነው፤ ቁጥሩ ግን ያው ቁጥር ነው፤ ለቃላቱ የክፍል ጓደኛዬ ይረዳኛል። በየጥያቄው ጎን ሣጥን እሥልለታለሁ። እስከ ትናንት ማታ ድረስ ዘጠኝ ገጽ ሄዷል። የትናንቱን መልእክት የጻፈው ራሱ ነው፦

«ጋሼ፣ ስድስተኛው ጥያቄ ላይ አንድ ሰባተኛ ይላል። 24 ጠርሙስ ለሰባት አይካፈልም። ሌላ ሣጥን ካለ ላክልኝ።»